ደመወዝ ቀንሶ የመንግሥት ሥራ መግባት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አሜሪካ ለምትመጡ

በ2017 ዓ.ም ጥር ለሦስት ሳምንት ደሴ ነበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አጎቴ ወደ እኔ ዞር አሉ። ሸዋ በር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የነገዱ ሰው ናቸው። ወሬ አያበዙም፤ በሒሳብ ግን ማንም አያታልላቸውም።

«ታክሲውን ትተህ መንግሥት ቤት ገባህ አሉኝ። ደመወዙ በስንት በለጠ?»

«አልበለጠም ጋሼ። ቀነሰ።»

ሲኒያቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። አጠገባቸው የተቀመጠው፣ ዲቪ ደርሶት ሻንጣ እያዘጋጀ የነበረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ገንዘቡን እንደተበላ ሰው አየኝ። አልፈርድባቸውም። ደሴ ላይ «የመንግሥት ሠራተኛ» ሲባል በሰሚው ፊት የሚመጣው ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ የሚነጥፍ መምህር፣ ዕድገት ሲጠብቅ የሸበተ ጸሐፊ ነው። ጡረታውም ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥለት ኖሮ በስተርጅና የቡናና የስኳር ዋጋ የማይሞላለት ገንዘብ ነው። ለዚህማ ውቅያኖስ መሻገር ለምን አስፈለገ?

ያን ቀን አሟልቼ አልመለስኩም፤ እዚህ ልሞክር። የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ አካባቢ ከኖርኩት ነው። ሌላ ስቴት የገባችሁ ደንቡን በያላችሁበት አጣሩ።

እኔ ኮምቦልቻ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት የሐረጎን ተራራ ወርጄ ማታ መልሼ ወጥቻለሁ። በፈረንጆች 2016 መጨረሻ አሜሪካ ገባሁ። እንደ ብዙው ሰው የአገር ልጅ ያሳየኝን መንገድ ያዝኩ፤ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ፣ ቀጥሎ በስልክ የሚጠራ ታክሲ። በ2023 በአንድ ካውንቲ የንብረት ግብር ሒሳብ ክፍል በዝቅተኛ ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ካውንቲ ምንድን ነው ለምትሉ፣ በወረዳና በዞን መካከል ያለ አስተዳደር ብላችሁ ያዙት፤ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የእሳት አደጋ ብርጌዱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ባለታክሲ ገቢውን ሲነግራችሁ የሚነግራችሁ ስልኩ ላይ ያየውን ቁጥር ነው። «በሳምንት 1,500 ዶላር» ይላል። አልዋሸም፤ አጎቴ ቢሰሙት ግን «ይሄ ሽያጭ ነው፣ ትርፉስ?» ይሉታል። ለዚያ ገንዘብ 1,000 ማይል ነዳ እንበል፤ ተሳፋሪ ሳይዝ የሄደበትም ይቆጠራል። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ2024 ለአንድ ማይል የፈቀደው የመኪና ወጪ 67 ሳንቲም ነበር፤ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱና የመኪናው እርጅና ተደምሮ ማለት ነው። ስለዚህ 670 ዶላር ሄደ፣ 830 ቀረ። ቀጥሎ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት ጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ ይመጣል። ተቀጣሪ 7.65 በመቶ ይከፍላል፣ ሌላውን ግማሽ ቀጣሪው ይሸፍንለታል። ባለታክሲው ቀጣሪም ተቀጣሪም ራሱ ስለሆነ 15.3 በመቶውን ብቻውን ይሸከማል፤ ሕጉ የሚያሰላው በሙሉው 830 ላይ ስላልሆነ 117 ዶላር ገደማ። 713 ቀረ። የሠራው 55 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 13 ዶላር መሆኑ ነው።

ካውንቲው በሰዓት 22 ዶላር ይከፍላል እንበል። 40 ሰዓት 880 ዶላር ይሆናል፤ 7.65 በመቶው ሲነሳ 813 ገደማ ይቀራል። ከሁለቱም ገና የገቢ ግብር አልተነሳም፤ ከካውንቲው ደግሞ የጡረታና የጤና መድን መዋጮ ይቆረጣል። ነዳጅ ቆጣቢ መኪና የሚነዳ ሰው ወጪው ከ67 ሳንቲም ስለሚያንስ ቁጥሩን በራሳችሁ ደረሰኝ ለውጡት እንጂ የእኔን አትውሰዱ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን እውነቱን አልሸሽግም። በየወሩ እጄ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ቀንሷል። የመኪና እርጅና በየወሩ ከኪስ አይወጣም፤ የሚወጣው አንድ ቀን ሞተሩ ሲሞት ነው፣ ያን ቀን እስኪመጣ ሀብታም ነን ብለን እናስባለን። ካውንቲው ግን የሚቆርጠውን በየደመወዙ ይቆርጣል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እጄ አጥሮ ኖሬያለሁ፤ ባለቤቴ የገበያውን ዝርዝር ስታሳጥር አይቻለሁ።

በምላሹ ያገኘሁት ምንድን ነው? የጤና መድኑን ትልቁን ድርሻ ቀጣሪው ይከፍላል፤ ልጆች ላሉት ሰው ይህ ብቻውን ሌላ ደመወዝ ነው። በቨርጂኒያ የስቴቱ የጡረታ ሥርዓት ውስጥ የገባ ሠራተኛ 5 ዓመት ሲያገለግል የጡረታ መብቱ ይጸናለታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ቢለቅም መብቱ አይጠፋበትም ማለት ነው። አንዳንድ ካውንቲዎች የራሳቸው ፈንድ ስላላቸው፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡም ደንቡ ሌላ ስለሆነ፣ «ስንት ዓመት ሳገለግል ይጸናልኛል?» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ የታክሲ ጓደኛዬ ጡረታን «ላም አለኝ በሰማይ» ይለዋል። ይበል። እሱ ግብር እንዲቀንስለት ገቢውን አሳንሶ ሲያስመዘግብ ኖሯል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ደግሞ የሚሰላው ከተመዘገበው ገቢ ነው፣ ለዚያውም የሚገኘው በዓመት ቢበዛ 4 የሥራ ነጥብ እየተያዘ 40 ነጥብ ሲሞላ ነው። የእሱ ላም ከሰማይም ርቃለች።

የዓመት ፈቃድን ጥቅም አጎቴ ናቸው የተረዱልኝ። በሦስተኛው ቡና ላይ «እዚህ ሦስት ሳምንት ስትቀመጥ ታክሲውን ማን ይነዳዋል?» ብለው ጠየቁ፤ ረስተውት መሆን አለበት። ታክሲ እንደሌለ፣ ደመወዜም ፈቃድ ላይ ሆኜ እየተከፈለኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ሱቄን ዘግቼ የተከፈለኝ አንድ ቀን የለም» አሉ። በታክሲው ዘመን ደሴ የመጣሁት አንዴ ብቻ ነበር፣ ለአባቴ ቀብር፤ በእነዚያ አሥር ቀናት የመኪናው ዕዳ እየቆጠረ ነበር። ለፌዴራል ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 13 ቀን ነው፣ ከዚያ 20፣ ከ15 ዓመት በኋላ 26፤ የሕመም ፈቃድ 13 ቀን ለብቻው ነው። የካውንቲዎቹ ይለያያል። ኢድንም ገናንም ከዚህ ላይ ትቆርጣላችሁ።

ይህ ማለት ግን የመንግሥት ሥራ አይነቃነቅም ማለት አይደለም። በ2025 መገባደጃ የፌዴራሉ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ 43 ቀን ተዘግቷል፤ ደመወዙ ኋላ ቢከፈልም የቤት ኪራይ ኋላ አይጠብቅም። በዚያው ዓመት ብዙ የፌዴራል ሠራተኞች ተሰናብተዋል፤ ቶሎ ከተነኩት መካከል የሙከራ ጊዜያቸውን ያልጨረሱ ነበሩበት። የሙከራ ጊዜ የሚባለውን ነገር ደሴም እናውቀዋለን፣ እዚህም አለ፣ ያን ጊዜ ሰዓት አትሳቱ።

የት ልግባ ለሚል፦ የፌዴራል ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ ለዜግነት የሚያመለክተው በተለምዶ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ስቴት፣ ካውንቲና ከተማ ግን ለብዙ ቦታዎች ግሪን ካርድ ይቀበላሉ። ስለዚህ አዲስ መጭ በካውንቲ ይጀምር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት፣ የመምህር ረዳትነት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የፈቃድ መስጫ መስኮት፤ ሁሉም በር ነው። አማርኛችሁንም እንደ ሙያ ጻፉት። ዋሽንግተን ዲሲ በፈረንጆች 2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛ ወሎዎች ደግሞ ብዙዎቻችን አረብኛ ወይም ኦሮምኛ እንጨምራለን፤ «ቤት ውስጥ የለመድኩት ነው» ብላችሁ አትተዉት።

ከ26 ዓመት በታች የሆናችሁ ወንዶች እንደ ደረሳችሁ የውትድርና ምዝገባውን ነገር አረጋግጡ። ማንም ጦር ሜዳ አይወስዳችሁም፤ ሳትመዘገቡ 26 ከሞላችሁ ግን የፌዴራል ሥራ በር ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ከደሴ ሳትነሱ ስለሚያዙ ወረቀቶች ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ እኔ የተመታሁት እዚህ ላይ ነው። የባንኩ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ «ከመስከረም 2003 እስከ ነሐሴ 2008» ይላል፣ ማኅተሙ ያማረ ነው። አስተረጎምኩት፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ተወው። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ሦስት ሰዎች በአክብሮት «ከ2008 እስከ 2016 ስምንት ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ማስረዳት ጀመርኩ፤ ጳጉሜን ሳልደርስ ጊዜው አለቀ። ሥራውን አላገኘሁም። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ እዚያው ጠይቁ፣ የሥራውም ዝርዝር ይኑርበት። ሌላው ስም ነው። በእኛ አገር መሐመድ የማይባል አባት ወይም አያት ያለው ሰው ስንት ነው? አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም የተጻፈ መሐመድ እዚህ ሁለት ሰው ይሆናል። ከፓስፖርቱ ጋር አስማሙት። በወጪ መጋራት የተማራችሁም ዕዳውን ዘግታችሁ ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ይዛችሁ ውጡ፤ ከዚህ ሆኖ በዘመድ ማስጨረስ ዘመድ ያስቀይማል። እዚህ ስትደርሱ የውጭ ትምህርትን የሚመዝኑ ድርጅቶች አሉ፤ ማመልከቻው የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ አንብባችሁ ክፈሉ።

ማመልከቻ ስትሞሉ ይሉኝታችሁን ደሴ ተዉት። «ሒሳብ ሠርቻለሁ» አይበቃም፤ ስንት ደንበኛ፣ በምን ፕሮግራም፣ በቀን ስንት ሰነድ ብላችሁ ዘርዝሩ። መጀመሪያ የሚያነብላችሁ ሰው የማስታወቂያውን ቃል ከእናንተ ቃል ጋር እያስተያየ ነው። ቅጥሩ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ ታክሲውን እየነዳችሁ አመልክቱ። ደመወዙ በደረጃና በእርከን የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ከአገር ቤት የምናውቃቸው ቃላት ናቸው። በፌዴራሉ 15 ደረጃዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 10 እርከን አለው። የትኛው እርከን ላይ እንደምትጀምሩ የምትጠይቁት ከመፈረማችሁ በፊት ነው፤ የአገር ቤት ልምድ አንዳንዴ ሁለት እርከን ያስነሳል፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም።

እቁብ ላይ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ዕጣው አስቀድሞ ወጥቶላችሁ ገንዘቡን የበላችሁ ከሆነ፣ ቀሪውን ጥላችሁ ሳትጨርሱ ሥራ አትቀይሩ። ዳኛው የደመወዝ ቅናሽ አያውቅም። እኔ የመጨረሻዎቹን ዕጣዎች ለምኜ ወስጄ፣ ባለቤቴን አማክሬ፣ የአራት ወር ኪራይ አስቀምጬ ነው የገባሁት። የመኪና ዕዳ ያለበት፣ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያገኝ፣ ደሴ ላይ የጀመረው ግንባታ ያላለቀ ሰው አሁን ባይሞክር ይሻለዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔም ከሚሉት አንዱ ነኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ለእናቴ መናገር ነበር። በየወሩ የምልከውን ከ200 ወደ 130 ዶላር ማውረድ ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት እየደወልኩ ሳልናገር ዘጋሁ። በመጨረሻ ስነግራት «ማታ ቤትህ ታድራለህ?» አለችኝ። አድራለሁ አልኳት። «አብሽር ልጄ» ብላ ዱዓዋን ጀመረች፤ ስለ ገንዘቡ ሌላ አልጠየቀችም። ታላቅ ወንድሜ ግን ጠየቀ፣ ደጋግሞም ጠየቀ። እሱን ያበረደው እኔ አይደለሁም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀውና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። 130ው ዶላር ከድሮው 200 የበለጠ ብር ሆነ። የደሴ ገበያ ዋጋም አብሮ ስለወጣ ደስታው አልቆየም፣ ቢሆንም ወንድሜ ያን ወር አልተቆጣም። ቅናሹን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ቁጥሩን ጥሩ፤ «ትንሽ ይቀንሳል» የምትለው ቃል ስንት ቤት አጣልታለች።

የእህቴ ልጅ አሁን እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። ሌሊት ይነዳል፣ ቀን ይተኛል፣ እንደኔው ነው የጀመረው። ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት ማመልከቻ ሞልቶ እንዳየው ላከልኝ፤ ብዙ ካውንቲዎች ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ ራሳቸው እየከፈሉ ያሠለጥናሉ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሠራበትን ዘመን ሲጽፍ አሁንም በእኛ አቆጣጠር ነው ያስቀመጠው። መልሼ ላክሁለት። ማስታወቂያው የሚዘጋው አርብ ማታ ነው።