የጀርመንኛ ስምና ቅጽል መድረሻው ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሄ

«ኢሽ ካውፈ አይን ቲሽ» ብላችሁ መምህሩ ቀይ አሰመረበት

ጥፋተኛው አማርኛችን ነው። «ን» የምንጨምረው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ነው፤ «ጠረጴዛውን ገዛሁ» እንላለን፣ «ጠረጴዛ ገዛሁ» ስንል ግን «ን» የለም። ጀርመንኛ ይህን አይለይም፣ ታወቀም አልታወቀም ተሳቢ ተሳቢ ነው። ከስም በፊት የሚመጡት «ዴር» (ወንዴ)፣ «ዲ» (ሴቴ) እና «ዳስ» (ገለልተኛ ፆታ) አርቲክል ይባላሉ። ስሙ «ዴር» የሚወስድ ከሆነ «ዴን» ወይም «አይነን» በሉ፦ «ኢሽ ካውፈ አይነን ቲሽ»። «ዲ» እና «ዳስ» በአኩዛቲቭ (በተሳቢ ቅርጽ) አይለወጡም።

አርቲክሉ ልክ ሆኖ ቅጽሉ ተሳሳተ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ሠንጠረዥ መሸምደዱም እምብዛም አያድንም። ይልቅ አርቲክሉን እዩት። «ዴር» ፆታውን ስለተናገረ ቅጽሉ «ዴር ግሮሰ ቲሽ» ብሎ ያርፋል። «አይን» ግን ለዴርም ለዳስም አንድ ነው፣ ስለዚህ ጎደሎውን ቅጽሉ ይሞላል፦ «አይን ግሮሰር ቲሽ»፣ «አይን ኖየስ ቡኽ»። አርቲክል ጭራሽ ከሌለ ሸክሙ የቅጽሉ ነው፦ «ሚት ካልተም ቫሰር» (በቀዝቃዛ ውሃ)።

አርቲክሉ ከመነሻ ቅርጹ ከተለወጠ (ዴን፣ ዴም፣ ዴስ፣ አይነም) ቅጽሉ በ«ን» ይጨርሳል፦ «አውፍ አይነም ግሮሰን ቲሽ»። አርቲክል ያለው ብዙ ቁጥርም እንደዚሁ ነው፦ «ዲ ግሮሰን ቲሸ»። ይህን ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

«ኢሽ ሄልፈ ዴን ማን» አልክ፣ አልተቀበሉህም

«ሰውየውን እረዳዋለሁ» የሚለው «ን» ወደ አኩዛቲቭ ይመራናል። ሄልፈን (መርዳት)፣ ዳንከን (ማመስገን) እና ፎልገን (መከተል) ግን ዳቲቭ (ብዙውን ጊዜ «ለ» የምንለውን የሚያሳይ ቅርጽ) ይፈልጋሉ፦ «ኢሽ ሄልፈ ዴም ማን»። ግሱን ስታጠኑ ከነዳቲቩ ያዙት። «ለ» ያለበት ላይ አማርኛችን ራሱ ይረዳናል፦ «ለልጁ ሰጠሁት» ሲባል ልጁ ዳቲቭ ነው።

ስሙ ራሱ ተሳሳተ

ስም ብዙም አይለወጥም። በዳቲቭ ብዙ ቁጥር «ን» ይጨመርበታል፦ «ሚት ዴን ኪንደርን»። ብዙ ቁጥሩ በ«ስ» ካለቀ ግን ይቀራል፦ «ሚት ዴን አውቶስ»። በጌኒቲቭ («የ» የምንለውን በሚያሳይ ቅርጽ) ዴርና ዳስ የሚወስዱት አብዛኞቹ «ስ» ይይዛሉ፦ «ዴስ ኪንደስ»።

አሳሳቹ እንደ ሽቱዴንት (ተማሪ)፣ ኮሌገ (ባልደረባ) እና ሄር (አቶ) ያሉት ናቸው፤ ከኖሚናቲቭ (ከመነሻው፣ ከባለቤት ቅርጽ) ውጭ በነጠላም «ን» ይጨምራሉ፦ «ዴን ኮሌገን»። ፖስታ ላይ ከወንድ ስም በፊት «ሄርን» የሚጻፈው ለዚህ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ግን «ዜር ገኤርተር ሄር» (የተከበሩ አቶ) ብላችሁ ጀምሩ፤ መጥሪያ ኖሚናቲቭ ስለሆነ «ን» አያስፈልገውም።