በሚያዝያ ሐሩር ካሜራ አንግቶ የጎንደርን ዳገት ለሚወጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አርፍዶ መነሳት። ጎንደር ላይ ሙቀቱ የሚበረታው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚወጣው ካሜራ ያዥ ግን ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ጓደኛ ጠብቆ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይነሳል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከቀኑ 6፡30 ገደማ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት በተነሳ ምስል የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፣ የኮረብታው ወጣ ገባም ይጠፋል።

ከዚህ የሚብሰው የአየሩ መርገብገብ ነው። ከጎሃ አናት የፋሲልን ግንብ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ አቅርበው ያነሱና ምስሉ ሲደበዝዝባቸው ሌንሱን ይረግማሉ፤ ትሪፖድ የሚገዛም አለ። እባካችሁ ሌንሱን ተዉት! የጋለ አፈርና ቆርቆሮ ያሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ብርሃኑን ያጣምመዋል። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ብታደርጉት የተጣመመውን ቀጥ አድርጎ ያስቀረዋል እንጂ አያቃናውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ዳገቱ ሥር ተገኙ፤ የሩቁን እስከ 2 ሰዓት ጨርሱ፤ ፀሐይዋ ስትከር ወደ ቅርቡ ዙሩ፦ ወደ ድንጋይ ካቡ፣ ወደ ቅጠሉ።

ነጠላ የለበሰ ሰው ማንሳት። ነጩ ምስሉን ከሞላው ካሜራው ያጨልምና ግራጫ ያደርገዋል፤ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ (ማለትም እጥፍ) ጨምሩ። በጠቆረ ዳገት መሐል ትንሽ ሆኖ ከታየ ደግሞ ነጩ ይቃጠላል፣ ጥለቱ ይጠፋል፤ አንድ ስቶፕ ቀንሱ። ፀሐይ ላይ ስክሪን ስለሚያሳስት ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የምስሉን ጨለማና ብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ እዩ። ደግሞ መጀመሪያ «አባቴ፣ ላንሳዎት?» ይባላል።

ካሜራን ድንጋይ ላይ ማስጣት። አብዛኞቹ እስከ 40 ዲግሪ እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ካሜራ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉ፣ ለነፋሱ ጀርባ ስጡ፣ አፉን ወደ ታች ድፉት።

ዲት (DEET) የተባለው ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ በተቀባ እጅ ካሜራ አትያዙ፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ከጎንደር በስተሰሜን ባለው ኮሶዬ የገደሉ አፋፍ ላይ ዓይንን ካሜራው ላይ ሰክቶ ወደ ኋላ መራመድ፦ ይህስ ማብራሪያም አያስፈልገው።

በአንድ ሃይላንድ ውኃ መውጣት። በዚህ ሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ለአምስት ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሊትር ተኩል ያዙ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ጉዞውን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት፤ ዳገቱ የትም አይሄድ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረ ጥላ ፈልጉ። የባሕር ዛፍ ጥላ ስስ ስለሆነ አያስጥልም፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይራና ጽድ ይሻላል። ጨው ጣል የተደረገበት ውኃ ቀስ እያሉ መጠጣት፣ አንገትና ብብት ማርጠብ። ንግግሩ የተምታታበት ሰው ግን እረፍት ብቻ አይበቃውም፤ ውኃ እያፈሰሳችሁበት በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱት።