የቮልስዋገን ኮምቢ ካርቡሬተር ቤንዚን ሲያጥለቀልቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩትን፣ 1600 ሲሲ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርና ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር ያላቸውን የቮልስዋገን ኮምቢ መኪኖች ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ሲያጥለቀልቅ፣ ማለትም ከልኩ በላይ ቤንዚን ሲያስገባ፣ ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ፦ የሞቀው ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ለመነሳት ያስቸግራል፣ ሲነሳም ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ርሰው ወይም ጥላሸት ለብሰው ይገኛሉ፣ የቤንዚን መስጫው ገመድ በሚያሽከረክረው የካርቡሬተር ዘንግ ዳርና ዳርም ቤንዚን ያንጠባጥባል።

መፍቻ ከማንሳት በፊት

መጀመሪያ የሚታየው ካርቡሬተሩ ሳይሆን የሞተር ዘይቱ ነው። በኮምቢ ላይ ታንኩ ከሞተሩ ክፍል አጠገብ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ በተለይ ሲሞላ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ቤንዚን በማይዘጋ የካርቡሬተር መግቢያ ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደር፣ ከዚያም በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። የመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ከተገኘ ሞተሩ ፈጽሞ መነሳት የለበትም። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት ያፋጫል። ሞተሪኖው ሞተሩን ማዞር አቅቶት ቀጥ ካለም ሲሊንደሩ በቤንዚን ተሞልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በግድ ለማዞር መሞከር የፒስተን ክንድ ያጣምማል። የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ካንዴላዎቹ ይውጡ፣ ሞተሩም በእጅ ይዞር። የዚህ ሞተር አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ በፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ ሲጋራም ሆነ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊኖር አይገባም።

ማጥለቅለቅ የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ

ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አየር የሚያጠበው ምላስ) ተዘግቶ ከቀረም ጥቁር ጭስ ይኖራል። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የቾኩ ምላስ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ወደ ቾኩ ማሞቂያ የሚሄደው ሽቦ መብራት እንዳለው ይፈተሽ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ዋና ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ ያለው ብሎን) ቤንዚን ያበዛል፤ መፍትሄውም አነስ ያለ ጂግለር ነው። በሁለቱም ሁኔታ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ቤንዚን አይንጠባጠብም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እውነተኛው ምርመራ

ዘይቱ በቤንዚን ካልተበረዘ፣ የአየር ማጣሪያው ተነስቶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው) እየሠራ፣ በባትሪ መብራት የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ይታይ። በሚኒሞ ጊዜ መካከል ካለው ዋናው መርጫ ቤንዚን መንጠባጠብ የለበትም። እዚያ ጠብታ ከታየ፣ ወይም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከቀጠለ፣ በካርቡሬተሩ የቤንዚን ቋት ውስጥ ያለው ቤንዚን ከልኩ በላይ ሞልቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚኒሞ ብሎኖችን እያጠበቁና እያላሉ መፈለግ፣ በጋራዦች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ምንም አይፈይድም፤ ሞልቶ የሚፈሰውን ቤንዚን እነዚያ ብሎኖች አይቆጣጠሩትምና።

አሠራሩ ከውኃ ሮቶ ጋላጃንቴ ጋር አንድ ነው፦ ተንሳፋፊው ሲነሳ መርፌ ቫልቩን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። አምስቱ የክዳን ብሎኖች ተፈትተው ክዳኑ ከተገለበጠ በኋላ፣ በመግቢያው በንጹሕ ቱቦ ቢነፋ አየር ማለፍ የለበትም። ካለፈ፣ ከታንኩ የመጣ ዝገት መርፌው መቀመጫ ላይ ገብቷል ወይም መርፌው አልቋል። ማጠቡ ጊዜያዊ ነው፤ ቫልቩ ርካሽ ስለሆነ መቀየሩ ይሻላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ከቫልቩ ሥር ያለችውን ሮንዴላ ነው። ከተሰነጠቀች ወይም ቫልቩ በደንብ ካልጠበቀ ቤንዚኑ መርፌውን አልፎ በጎን ይገባል፤ አዲስ ቫልቭ ተገጥሞም ችግሩ ይቀጥላል። ወፈር ያለች ሮንዴላ የቤንዚኑን ከፍታ ዝቅ ታደርጋለች። ተንሳፋፊው ደግሞ ሲነቀነቅ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ፣ ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር አረፋ ካወጣ፣ ተበስቷል፤ ይቀየር።

ቫልቩና ተንሳፋፊው ደህና ሆነው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚያጥለቀልቅ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቤንዚን ፓምፑ ነው። ለዚህ ካርቡሬተር ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ግፊት ይበቃል፤ አንዳንድ አዳዲስ ምትክ ፓምፖች ግን ከዚህ አልፈው መርፌውን ከመቀመጫው ይገፉታል። ግፊቱ በጌጅ ይለካ፤ ከበዛ በፓምፑ መቆሚያ ሥር ጋስኬት እየተጨመረ ይቀነስ። የፓምፑ ገፊ ዘንግም ርዝመቱ ከሞተሩ ዓይነት ጋር ሊስማማ ይገባል፤ ዲናሞ ያለው ሞተር 108 ሚሊ ሜትር፣ ኦልተርኔተር ያለው 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ይወስዳል። ዘንጉ በከፍተኛው ነጥብ ከጋስኬቱ በላይ 13 ሚሊ ሜትር ያህል መውጣት አለበት።

ዝገቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ፊልትሮ በታንኩና በፓምፑ መካከል፣ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ይገጠም። ጥገናው ሲያልቅ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በቤንዚን የተበረዘው ዘይት ተደፍቶ 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ይሞላ። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ይጥፋ፣ ጉሮሮውም ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ይታይ፤ ደረቅ ከሆነ የአየር ማጣሪያው ይመለስ።