የካሜራን አርማ መሸፈን፦ መቼ ይጠቅማል? እንዴትስ ይለጠፋል?

የካሜራን ስም በጥቁር ፕላስተር መሸፈን የቆየ ልማድ ነው። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየር-ብሬሶን መንገድ ላይ ሲያነሳ ሰው እንዳያስተውለው ላይካ የተባለውን የጀርመን ካሜራውን አብረቅራቂ ብረት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍን ነበር። የላይካ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ኤም10-ፒ የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ከፊቱ የሚታወቀውን ቀይ ክብ ትቶታል።

ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው የሚሸፍነው ሌባ ፈርቶ ነው። ለዚህ እንኳ እምብዛም አይረዳም። ሌባ ፊደል አያነብም፤ የሚያየው የሌንሱን ግዝፈት፣ የቦርሳውን ቅርጽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይናችሁ የት እንዳለ ነው። ሩቁን የሚያቀርበውን ነጭ የካነን ቴሌ ሌንስ አንግቶ መርካቶ የገባ ሰው ስሙን ቢሸፍን ባይሸፍን ያው ነው። ስርቆት ካሳሰባችሁ መጀመሪያ የሚለወጠው ማንገቻው ነው። ከካሜራው ጋር በካርቶን የሚመጣው ማንገቻ የኩባንያውን ስም፣ አንዳንዴም የሞዴሉን ቁጥር ሳይቀር፣ በትልልቅ ፊደል ትከሻችሁ ላይ ይዞ ይዞራል። ጽሑፍ በሌለው ጥቁር ማንገቻ ቀይሩት። ይህን ሳያደርጉ አርማው ላይ ፕላስተር መለጠፍ በሩን ከፍቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው።

መሸፈን በእርግጥ የሚጠቅመው ነጸብራቅ ባለበት ነው፤ በመስታወት ውስጥ ያለ ሥዕል፣ የሱቅ መስኮት፣ የመኪና ቀለም፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጠርሙስ፣ የእጅ ሰዓት። ካሜራው ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ ስለሆነ መብራት ሲያርፍበት መጀመሪያ የሚታየው ፊደሉ ነው። ከመስታወቱ 1 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ የካሜራው ምስል ከሌንሱ 2 ሜትር ርቀት ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚታየው። ፎከሱ ሥዕሉ ላይ ስለሆነ ፊደሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። በሥዕሉ ጨለማ ክፍል ላይ ገርጣ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ በኮምፒውተር ማጽዳቱም አሰልቺ ነው። ሁለተኛው ቦታ የማስታወቂያ ሥራ ነው፤ ካሜራው ራሱ በምስሉ ውስጥ ከገባ የሌላ ድርጅት ስም እዚያ መታየት የለበትም።

ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ካሜራውን በትሪፖድ መስታወት ፊት አቁሙ፣ የምትሠሩበትን መብራት አብሩ፣ የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ አንዴ አንሱና ምስሉን አጉልታችሁ እዩ። ከአርማው በተጨማሪ የሌንሱ የፊት ቀለበት ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍ፣ የማንገቻው ቀለበቶችና ነጭ ሸሚዛችሁ ጭምር ይታያሉ። ይህ ሁሉ ከታየ ፕላስተር ብቻውን አይበቃም። 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ ካርቶን መሃሉን በሌንሱ ልክ ቆርጣችሁ ሌንሱን በቀዳዳው አሾልኩት፤ ካሜራውም እጃችሁም ከኋላው ይደበቃሉ። በመስታወቱ ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ጽሑፍ ለማጥፋት ፖላራይዘር (ሌንስ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) የሚገዙ አሉ፤ ፊት ለፊት ሲነሳ ግን ፖላራይዘር ምንም አያደርግም። የመስታወት ነጸብራቅን በደንብ የሚቆርጠው ከመስታወቱ ገጽ 35 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ ስታነሱ ነው።

ጨለማ ቦታስ? ቲያትር ቤት ወይም የሌሊት ማኅሌት ላይ አርማ አያበራም። ሰው የሚረብሸው ፎከስ ለማገዝ ከካሜራው ፊት የሚበራው መብራትና የኋላው ስክሪን ነው። ሁለቱንም ከሜኑ አጥፉ፤ መብራቱን በፕላስተር መድፈን የሰነፍ መላ ነው።

ወደ ፕላስተሩ እንምጣ። የሚገዛው ጋፈር ቴፕ የሚባለው ነው፤ ጀርባው ጨርቅ፣ ገጹ የማያብረቀርቅ፣ ሲነሳም ሙጫው ከሌሎቹ ያነሰ የሚቀር። የፊልምና የመድረክ ባለሙያዎች ሁሉ ስለሚይዙት ሙሉ ጥቅል መግዛት አያስፈልግም፤ ለአንድ ካሜራ 10 ሴንቲሜትር ይበቃል። ከጓደኛ 1 ሜትር ተቀብላችሁ አሮጌ እስክሪብቶ ላይ ብትጠቀልሉት ለዓመት ያህል ይሆናል። የኤሌክትሪክ ፕላስተር በየሱቁ ስላለ ያጓጓል፤ ግን አትጠቀሙበት። ሲለጠፍ ይለጠጣል፣ በኋላ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ጠርዙ ላይ የሚያጣብቅ ሙጫ ይተዋል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ሙጫው ይቀልጣል። ብርማው የቧንቧ ፕላስተር ያብረቀርቃል፤ ሲላጥም ሙጫውን ጥሎ ነው የሚሄደው። ቀለሙ መላጥ የጀመረ አሮጌ ካሜራ ካላችሁ ግን ጋፈርም ይከብደዋል፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ለእሱ በቀላሉ የሚላጥ ጥቁር የወረቀት ፕላስተር ይሻላል። በጥቁር ማርከር መቀባትን እርሱት። ፊደሉ ወይን ጠጅ መስሎ ይቀራል እንጂ አይጠፋም፤ ጎድጓዳ ከሆነ ደግሞ ማርከሩ ተመልሶ አይወጣም።

ከመለጠፋችሁ በፊት የት እንደማይለጠፍ እወቁ፤ ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። በብዙ የካነንና የኒኮን አነስተኛ ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ያለው፣ ሌንሳቸው የሚቀየር ካሜራዎች) ላይ ስሙ ያለው ብድግ በሚለው ፍላሽ ግንባር ላይ ነው። ፕላስተሩ የፍላሹን ስንጥቅ ከተሻገረ ፍላሹ አይነሳም። አውቶ ላይ ያለ ካነን ደግሞ ፍላሹን ራሱ ሊያነሳ ሞክሮ ሲያቅተው ‹‹ኤረር 05›› ብሎ ይቆማል፤ ካሜራው ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ጋ የሚሮጥም አለ። ስለዚህ እዚያ ቦታ ፕላስተሩ ከስንጥቁ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ይራቅ። በጥቃቅን ቀዳዳ የሚለዩት የማይክሮፎንና የስፒከር ቦታዎች ክፍት ይሁኑ፤ አንዱ የስቴሪዮ ማይክ ከተደፈነ ድምፁ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ማራገቢያ ያላቸው የቪዲዮ ካሜራዎች አየር የሚያስገቡበትን ቦታ መድፈን ካሜራውን ያግላል፣ ቀረጻ መሃል ያስቆመዋል። የሪሞት መቀበያውን፣ የባትሪና የካርድ በሮቹን፣ ሌንስ የሚያላቅቀውን ቁልፍ አትንኩ። ሌንስ የሚገጥምበት ቀይ ወይም ነጭ ነጥብም ይታይ፤ እሱ ከተሸፈነ በጨለማ ሌንስ መቀየር በዳበሳ ይሆናል። ብረትነት ያለው ፕላስተር በጭራሽ አይለጠፍ፤ ዋይፋይና ጂፒኤስ ያለው ካሜራ አንቴናውን ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ሽፋን ስር ነው የሚይዘው።

ሌንስ ላይ ደግሞ የሚዞርና የማይዞር ቀለበትን የሚያገናኝ ቁራጭ አትለጥፉ። ፎከሱን ይይዘዋል፣ ሞተሩም ይታገላል።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው፦

1. ሌንሱ ወይም የካሜራው ክዳን እንደገጠመ ይሁን። በጥጥ ላይ ጥቂት ጠብታ አልኮል አድርጋችሁ አርማውንና ዙሪያውን ጥረጉ፤ ካሜራው ላይ በቀጥታ አታፍስሱ። 2 ደቂቃ ይድረቅ። የላብና የቅባት እጅ ያለፈበት ገጽ ላይ የተለጠፈ በሳምንት ውስጥ ጠርዙ ይነሳል።

2. አርማውን ለኩና በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ጨምሩ። 35 በ8 ሚሊሜትር ለሆነ ጽሑፍ 41 በ14 ይሆናል ማለት ነው። ስንጥቅ አጠገብ ከሆነ በዚያ በኩል ጭማሪውን ቀንሱ።

3. ፕላስተሩን መጀመሪያ መስታወት ላይ ለጥፉትና በአዲስ ምላጭ በማስመሪያ ቁረጡ። ካሜራው ላይ ለጥፎ መቁረጥ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። አራቱን ማዕዘን በመቀስ አክቡ፤ ሹል ማዕዘን ቦርሳ ውስጥ ሲፈተግ ቀድሞ የሚላጠው እሱ ነው።

4. ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ ለጥፉ፣ በጥፍር ጀርባ 30 ሰከንድ ያህል እየተጫናችሁ እሹት። ጉብታው ክብ ከሆነ አንድ ሰፊ ቁራጭ ይሸበሸባል፤ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ጎን ለጎን የተሻለ ይቀመጣሉ።

5. ፍላሹን አንስታችሁ፣ በሮቹን ከፍታችሁ፣ 10 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጻችሁ አዳምጡ።

የጎማ መያዣው ላይ ምንም አትለጥፉ። ከሥሩ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ ፕላስተሩ ሲነሳ እሱንም ይጎትተዋል። የካሜራው መለያ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ከሥር ወይም ከስክሪኑ ጀርባ ያለው፣ አይሸፈን፤ ጉምሩክ ላይ ዕቃ ሲመዘገብ የሚታየው እሱ ነው፣ ቢሰረቅም የእናንተ መሆኑን የምታሳዩት በእሱ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። በፍተሻ ቦታ ደግሞ የተለጣጠፈ ካሜራ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አንድ ሁለት ቁራጭ በቂ ነው፤ ካሜራውን እንደ ቁስለኛ መጠቅለል አያስፈልግም።

ፕላስተሩን በየ2 ወይም 3 ወሩ ቀይሩት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ግን ወዲያው። በቆየና በሙቀት በተመታ ቁጥር ሙጫው ከካሜራው ጋር ይዋሃዳል። ስታነሱት ቀና አድርጋችሁ አትንጠቁ፤ ጠርዙን ወደ ራሱ አጥፋችሁ ከገጹ ጋር እየተጠጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። እምቢ ካለ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከ20 ሴንቲሜትር ርቀት ለ20 ሰከንድ ያህል፣ ከሌንሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ። የቀረውን ሙጫ መጀመሪያ በአዲስ ፕላስተር በሚያጣብቅ ገጹ እየነካችሁ አንሱት፣ ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ካለው ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፣ አታስጠጉት። በፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ የገባው ሙጫ በስቴኪኒ ይወጣል፤ የእንጨቱ ጫፍ በአልኮል ረጠብ ብሎ፣ ሳይጫኑት።