ክረምት በገባ ቁጥር የሚቃጠለው ቦይለር፦ ለአዲስ ተከራይ ችግርና መፍትሄ

ሐምሌና ነሐሴ ከካሳንቺስ እስከ አራት ኪሎ ያሉት አፓርታማዎች ከውጭ አገር በመጡ ተከራዮች የሚሞሉበት፣ የእኔም ስልክ የማያርፍበት ጊዜ ነው። ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነ፣ ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩንና የካርድ ቆጣሪው ሂሳብ አለማለቁን ያላየ ሰው ባለሙያ አይጥራ፤ ይህ ጽሑፍ ያንን ሁሉ አይቶ ለጨረሰ ነው።

ምልክቱ፦ ሙቅ ውሃ የለም

መብራት አለ፣ ውሃም አለ፤ ቦይለሩ ግን ውሃውን አያሞቅም፣ አለዚያም ብሬከሩን ባነሱት ቁጥር መልሶ ይጥለዋል። በክረምት አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው የተቃጠለ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ቦይለሩ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ ነው፤ ይህንን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የያዘ ሁሉ ይነግርዎታል። ደህና የሆነ የ1500 ዋት ሬዚስታንስ በ220 ቮልት መስመር ላይ 32 ኦም ገደማ፣ የ2000 ዋቱ ደግሞ 24 ኦም ገደማ ይለካል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል፤ ከቦይለሩ ብረት ጋር ከተገናኘ ደግሞ ብሬከሩን የሚጥለው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሬዚስታንስ ቀይሮ ሂሳብ መቀበል ጥገና አይባልም። የተቃጠለበት ምክንያት ካልታወቀ አዲሱም በወሩ ይከተለዋል።

መንስኤው፦ ባዶውን የሚሠራ ቦይለር

ሬዚስታንስ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሙቀቱን ለውሃው እያስረከበ ይኖራል፤ አየር ውስጥ ሲቀር ግን በአጭር ጊዜ ይቀላና ይበጠሳል። ቦይለሩ ባዶ የሚሆነው እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃውን ወደ ጣሪያ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ሮቶው ያልቃል፣ መስመሩም ይደርቃል። ተከራዩ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ለማየት የሙቁን ቧንቧ ይከፍታል፤ በዚያ በኩል አየር ይገባና ቦይለሩ ውስጥ የነበረው ውሃ በቀዝቃዛው መግቢያ ተመልሶ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል። ከዚያ መብራቱ ከውሃው ቀድሞ ይመጣል፤ ማብሪያው እንደበራ የተተወ ቦይለር ባዶውን መሥራት ይጀምራል። ይህንን ሁሉ የሚከለክለው በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ውሃውን ወደ ውስጥ ብቻ ያሳልፋል፣ ግፊት ሲበዛም በትንሿ ቀዳዳው ያስተነፍሳል። ዋጋው ከሬዚስታንሱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ቤት አስጨራሾች ግን ለሴራሚክ ያወጡትን ገንዘብ እየቆጠሩ በዚህች ቁራጭ ነሐስ ላይ ይቆጥባሉ።

ካሳንቺስ አንዲት ከአሜሪካ የመጡ እናት በአንድ ክረምት ሦስት ሬዚስታንስ አስቀይረው ነበር። «ልጄ፣ ዕቃው ሁሉ አስመስሎ የተሠራ ነው ይሉኛል» አሉኝ። ቦይለሩን በጣቴ ስመታው እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ደግሞ ውሃ በሚጠፋበት ቀን የቀዝቃዛው ቧንቧቸው ለብ ያለ ውሃ እንደሚያወርድላቸው በደስታ ነገሩኝ። የእኚያ እናት ሙቅ ውሃ ነበር። ሦስት ባለሙያ ገብቶ ሲወጣ አንዱም መግቢያው ላይ ቫልቭ መኖር አለመኖሩን አላየም።

አራት ኪሎ ያየሁት ከዚህም ይብሳል። ቫልቩ አለ፤ ነገር ግን «ያንጠባጥባል» ተብሎ ቀዳዳው በቡሎን ተደፍኗል። ያ ጠብታ ብልሽት አይደለም። ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ሁለት በመቶ ያህል ስለሚጨምር የ50 ሊትር ቦይለር አንድ ሊትር ገደማ ማስወጣት ይኖርበታል። መውጫ የተነፈገው ውሃ ቦይለሩን ያስጨንቀዋል፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት በተበላሸ ቀንም ሊያፈነዳው ይችላል። ጠብታው ካስቸገረዎ ቀጭን ጎማ ሰክተው ወደ ፍሳሹ ይምሩት፤ ቀዳዳውን ግን በምንም ነገር አይድፈኑ።

መፍትሄው

በመጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ የቦይለሩን ማብሪያ ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ሬዚስታንሱ ሲቀየር ውሃ እንዳያሾልክ የሚያሽገው ጎማ አብሮ ይቀየር፣ የመሬት ሽቦውም መታሰሩ ይረጋገጥ፤ ብዙ ቤት ሽቦው ተቆርጦ ታጥፎ አገኘዋለሁ፣ እርጥብ እግር ይዞ ሻወር ለሚገባ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሴፍቲ ቫልቩ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ እንዲያመለክት ተደርጎ በቴፍሎን ይገጠማል፤ ገልብጠው የገጠሙትን አይቻለሁ። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው ውሃው ሳይተፋና ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ብሬከሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ ላይ ያለች ቀይ ቁልፍ ዘላ ከሆነ አንድ ጊዜ ይጫኗት፤ ደግማ ከዘለለች ቴርሞስታቱ ይቀየር። ሽቦ አገናኝቶ ቁልፏን የሚያልፍ ባለሙያ ከመጣብዎ በሩን ያሳዩት። ቫልቩ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩን ያጥፉ፣ የሙቁንም ቧንቧ አይክፈቱ።

ቦይለሩ ደህና ሆኖ ብሬከሩ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የጭነት ነው። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 2000 ዋቱ ቦይለር ዘጠኝ ያህል ይጨምርበታል። አንዱን በአንዱ ተራ ያብሩ፤ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ሽቦውን ማቃጠል ነው።

ከቦይለሩ ሌላ በክረምት ስለሚያጋጥሙት ችግሮችም ጥቂት ልጨምር። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ማሞቂያ እዚህ ሶኬት ላይ ከተሰካ ያበቃለታል፤ መፍትሄ የለውም።

ከአልጋ ራስጌ ጀርባ የሚወጣው ሻጋታ ብዙውን ጊዜ የጣሪያ ፍሳሽ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስና ቀኑን ሙሉ የተዘጋ መስኮት ውጤት ነው። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል መስኮት ይክፈቱ፣ ግድግዳውን በበረኪና ይጥረጉ። በረኪናውን ከአሲድ ጋር አይቀላቅሉ። ብርዱ ቢከፋም ከሰል አቀጣጥለው በተዘጋ ክፍል አይተኙ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጭሱ መጥፋቱም ዋስትና አይሆንም።

በዝናቡ አብጦ አልዘጋ ያለ የእንጨት በር በነሐሴ አይላግም። የሚይዝበትን ጠርዝ ሻማ ቀብተው ጥቅምትን ይጠብቁ፤ በክረምት የተላገ በር በበጋ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይተዋል።