ላይኩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት፦ የእጅ ሥራ በኢንተርኔት ለምትሸጡ ችግርና መፍትሄ

የሽመና ልብስ በቴሌግራምና በኢንስታግራም እሸጣለሁ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስ። ሸማኔዎቹ ሽሮ ሜዳ ናቸው። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ለደንበኛ አደርሳለሁ። ስጀምር የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው እንዴት ላብዛ? ሰው በዛ። ሽያጩ ግን እዚያው ነበረ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሰው የሚመጣው የምለጥፈው ነገር ስለጠራው ነው። ሽልማት ብለጥፍ ሽልማት ፈላጊ ይመጣል። ዋጋ ብደብቅ ዋጋ ጠያቂ ይመጣል። ስለዚህ ሱቃችሁ ላይ የምታዩትን ምልክት ያዙና ምን እንደጠራው ፈልጉ።

ምልክት፦ «ስንት ነው?» ይሉና ይጠፋሉ

ከሁሉም የበዛው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ምክንያቱ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምንለው ልማድ ነው። ለምን እንደምናደርገው አውቃለሁ። ተፎካካሪ እንዳያይብን እንፈራለን። ዋጋው ሰው ያስደነግጣል ብለን እንሰጋለን። ጥያቄ ሲበዛ ደግሞ ሥራ ያለ ይመስለናል። ጉዳቱን ግን ከገዢው በኩል ሆናችሁ እዩት። ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ያገኘች ሠራተኛ ጽፋ መልስ ካላገኘች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ማታ ትረሳዋለች። ዋሽንግተን ያለችው የምትጽፈው እኛ ተኝተን ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ያየ ሰው «ፕሮፋይሌን አይተው ሊጨምሩብኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። በተለይ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ይህ ደርሶበታል፤ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ መግዛት የሚችለው ሰው ሲሄድ፣ ጊዜ ያለውና ለማወቅ ያህል የሚጠይቀው ይቀራል።

መፍትሄው ዋጋውን መጻፍ ነው። ዋጋ ብቻ ግን አይበቃም። የእኔ የድሮ ፖስት ይህን ይመስል ነበር፦

«አዲስ የገባ ምርጥ ነጠላ! ለበለጠ መረጃ ኢንቦክስ ያድርጉ።»

አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«የእጅ ሽመና ነጠላ። ርዝመቱ 2.5 ሜትር። ጥለቱ ወይን ጠጅና ወርቃማ። ዋጋው ይህን ያህል ብር። አንድ ዝግጁ አለ። በሌላ ቀለም ለማሠራት 2 ሳምንት። አዲስ አበባ ውስጥ እናደርሳለን፤ የማድረሻው ለብቻው ነው።»

ይህን ስታደርጉ ኢንቦክሳችሁ ጭር ይላል። አትደንግጡ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ዋጋውን ላጥፋው ወይ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ቁጥሩን ተዉትና የሚመጣውን ጥያቄ አንብቡት። «በሰማያዊ ይሠራል?»፣ «ለጥምቀት ይደርሳል?»፣ «ለእናቴ ነው፣ የቱ ይሻላታል?» ይህ የገዢ ጥያቄ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ክርና ማቅለሚያ ላይ ዋጋ መተንበይ ከባድ ሆኗል። የዛሬ ስድስት ወር የለጠፋችሁትን ይዞ «ይህን ያህል ብላችኋል» የሚል ደንበኛ ይመጣል፤ ልክም ነው። ስለዚህ ከዋጋው አጠገብ «እስከዚህ ወር መጨረሻ» ብላችሁ ጻፉ። ቴሌግራም ላይ የድሮውን ፖስት ማስተካከል ይቻላል። በወር አንድ ቀን ለዚህ ስጡት።

ምልክት፦ «መርካቶ በግማሽ ዋጋ አለ»

ይህን ስሰማ በፊት እናደድ ነበር። ሸማኔው ስንት ቀን የተቀመጠበትን ልብስ ጥለቱ በማሽን ከታተመበት ሽፎን ጋር ሲያወዳድሩት ያማል። ግን ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም። በስልክ ስክሪን ላይ የታተመ ጥለትና የተሸመነ ጥለት አንድ ይመስላሉ። ሞዴል አስለብሰን ከሩቅ አንስተን ፊልተር ስንጨምርበት ደግሞ ልዩነቱን በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን።

ስለዚህ ማሽን የማይችለውን አሳዩ። የጥለቱን ጀርባ ገልብጣችሁ አንሱ። የክሩን ወጣ ገባ፣ ጫፉ እንዴት እንደተቋጨ፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲወረውር አሳዩ። ሲፈቅድ ብቻ ነው ታዲያ፤ ፊቱ እንዲታይ የማይፈልግ ከሆነ እጁ ይበቃል። የክር ሙከራም አለ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና እንደ ጨሌ ይደርቃል። ሙከራው በአጭር ቪዲዮ ያልቃል፤ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ግን እውነቱን ሁሉ ተናገሩ። ብዙ ጊዜ መደቡ ጥጥ ሆኖ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ነው። «ሙሉ በሙሉ ጥጥ» ብላችሁ ሸጣችሁ ደንበኛዋ ቤቷ ብታቃጥለው ሁለተኛ አትመለስም።

ርካሽ ፈላጊዋም ክፉ ሰው አይደለችም። ለልጇ የትምህርት ቤት የባህል ቀን አንድ ጊዜ የሚለበስ ቀሚስ ነው የፈለገችው። እንዲህ ላለችው «ለዚህ ሽፎኑ ይበቃሻል» እላታለሁ፤ የት እንደምታገኝም እነግራታለሁ። ልጅቷ አድጋ ስትዳር ያስታውሱኛል ብዬ አይደለም። የማይሆናትን ልብስ መሸጥ ስለማልፈልግ ነው።

ክርክሩስ? እኛ አገር ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሲሉኝ ያንኑ ዋጋ በትሕትና እደግመዋለሁ። ለሚጮህ ሰው ቀንሼ ዝም ብላ የከፈለችውን ደንበኛ መበደል ከበደኝ። የጠያቂዋ ገንዘብ ካልበቃ ሥራውን እንቀይራለን እንጂ ዋጋውን አንቀንስም፤ ጥለቱ ጠበብ ይላል፣ ወይም በቀሚሱ ፈንታ ነጠላ ትወስዳለች።

ምልክት፦ ተከታዩ ይጨምራል፣ ሽያጩ አይጨምርም

«ሼር ያደረገ ይሸለማል» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይ አባላት ገዝታችሁ? እንግዲያው ምክንያቱ እሱ ነው። የተገዛው አባል ሰው ላይሆንም ይችላል። ለሽልማት የመጣውም ለሽልማት ነው የመጣው። የኢንስታግራምን አካውንት ወደ ንግድ ከቀየራችሁት ተከታዮቻችሁ የት ከተማ እንዳሉ ያሳያችኋል። ከዚያ ባለፈው የሸጣችሁላቸውን አሥር ሰዎች ወረቀት ላይ ጻፉ። የት ይኖራሉ? ለማን ገዙ? ለምን ቀን? ለእኔ የወጣው መልስ ያልጠበቅሁት ነበር። አብዛኞቹ ለራሳቸው አልገዙም። ለእናት፣ ለአራስ፣ ለክርስትና፣ ለሚዜዎች ነበር። እኔ ደግሞ የምለጥፈው ለራሷ የምትለብስ ወጣት ሴት እያሰብኩ ነው። ሽልማቱን ተውኩና «ለአራስ የሚሆን ጋቢ»፣ «ለቤተሰብ አንድ ዓይነት ጥለት» ማለት ጀመርኩ። ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ጥለት በልካቸው ማልበስ ሸማኔ ያለው ሱቅ የሚችለው ነገር ነው።

ምልክት፦ ከውጭ አገር ይጠይቃሉ፣ መላኪያው ላይ ይቀራሉ

ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከባድ ነው። የመላኪያው ዋጋ በኪሎ ሲሰላ ደንበኛው ይደነግጣል። የደነገጠው ዋጋው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ስለሰማው ነው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መዝኑ፣ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ለየአገሩ ጠይቁና ከዋጋው ሥር ጻፉት። ለውጭ ደንበኛ ነጠላንና የአንገት ልብስን አስቀድሙ።

ወደ አሜሪካ የምትልኩ ደግሞ ይህን እወቁ። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ቆሟል። ደንበኛው ቀረጥ ሊጠየቅ እንደሚችል ከመክፈሉ በፊት ንገሩት። የተሸጠን ዕቃ «ስጦታ» ብላችሁ አትጻፉለት፤ ቢያዝ የሚጎዳው እሱ ነው።

ብዙዎቹ ግን «የሚመጣ ሰው አለ፣ ይዞልኝ ይመጣል» ይላሉ። ከፋዩም አዲስ አበባ ያለች እህት ናት፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ትልካለች። ስለዚህ አንድ ሽያጭ ውስጥ ሦስት ሰው አለ፤ መራጭ፣ ከፋይና ተሸካሚ። ተጓዡ የሚበርበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለእህትየዋ ደግሞ የዕቃውን ፎቶና ዋጋ በአንድ መልእክት ላኩላት፤ ቀርባ በእጇ ዳስሳ እንድታይም ጋብዟት። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ «አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ካለ ነገሩ አለቀ።

ምልክት፦ ፈልገው አያገኟችሁም

ፊደሉን እዩ። የፍለጋ መሣሪያ ሀ እና ሐን ሁልጊዜ እንደ አንድ አያነብም። «ሐበሻ» ብላችሁ ከጻፋችሁ «ሀበሻ» ብሎ የሚፈልግ ሊያልፋችሁ ይችላል። ሁለቱንም አስገቡ። በላቲን ፊደል የሚጽፉም ብዙ ናቸው፣ በተለይ ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች። የቻናላችሁን ስም ማንም የማይገምተው ቅኔ አታድርጉት፤ «ጋቢ» ወይም «ነጠላ» የሚል ቃል ይኑርበት።

ምልክት፦ ያዝዛሉ፣ አይወስዱም

ቀብድ ሳትቀበሉ ሸማኔው ሥራ አይጀምር። ግማሽ ቀብድ ስትጠይቁ የሚሸሽ ሰው ቀሚሱ ካለቀ በኋላም ይሸሽ ነበር። ለቀሚስ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመትና የእጅ ርዝመት በሳንቲ ሜትር አስጽፉ፤ «መካከለኛ ነኝ» የሚለውን አትቀበሉ። ቀለሙን በቀን ብርሃን አንሱ። ቀብዱ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ሁኔታም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩ።

ምልክት፦ አንድ ወር ግርግር፣ ሦስት ወር ዝምታ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ሰው የሚያስታውሰን ግን ጥምቀት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ሸማኔው እጁ ሞልቷል፤ ሰፊዋም እንዲሁ። ተጣድፎ የተሠራ ልብስ የሚያመጣው ቅሬታ ነው። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የመጨረሻውን የትእዛዝ ቀን ኅዳር ውስጥ አስታውቁ፤ ቀኑ ካለፈ በእጅ ያለውን ብቻ ሽጡ። ከፋሲካ በኋላ ላለው ሠርግ ደግሞ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ጀምሩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ እስከ ገና ድረስ እዚህ ገበያው ይቀዘቅዛል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ግን የቤተ እስራኤላውያንን በዓል ስግድን የሚያከብሩት በዚያ መካከል ነው፤ የአይሁድ የስርየት ቀን ከሆነው ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን፣ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር ላይ። ብዙዎቹ እናቶች በዚያ ቀን ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ይለብሳሉ። ሽመናው፣ ስፌቱና መንገዱ ጊዜ ስለሚበላ የስግዱን ፎቶ ከነሐሴ ሳያልፍ ለጥፉት፤ ዋጋውን፣ ክብደቱንና የመጨረሻውን የትእዛዝ ቀን አብራችሁ ጻፉበት።