ባለ አሥር አሃዝ ቁጥርን በእርሳስና በወረቀት እንዴት እንበትናለን?

ወረቀት ላይ 4,294,967,297 ብላችሁ ጻፉ። ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው? ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም? ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ተሳስቷል። ስሕተቱን ለማግኘት ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ይበቃል።

መጀመሪያ በዓይን የሚለዩትን አስወግዱ። ቁጥሩ በ7 ስለሚያልቅ በ2ም በ5ም አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ይሆናሉ፤ 59 በ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም። ይህ የትምህርት ቤት ዘዴ ነው፤ ሩቅ አያስኬድም።

ቀጥሎ የፍለጋውን ወሰን አስቀምጡ። ቁጥራችን 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኝ ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከቁጥሩ ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) አይበልጥም፤ ስለዚህ ከ65,536 በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ችግሩ ከዚያ በታች 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች መኖራቸው ነው። እነሱን አንድ በአንድ መሞከር ሒሳብ ሳይሆን ቅጣት ነው።

የሒሳብ ሊቁ ሌዮንሃርድ ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ ሳለ፣ በ1732 እ.ኤ.አ. የፌርማን ስሕተት አሳየ፤ በኋላ ያረጋገጠው ውጤት ደግሞ ከዚህ ቅጣት ያድነናል። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ምክንያቱም 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ በ2 እያባዛችሁ ብትሄዱና እያንዳንዱን ለዚያ አካፋይ ብታካፍሉ፣ ቀሪዎቹ በየ64 እርምጃ ዞረው ወደ 1 ይመለሳሉ፤ የዙሩ ርዝመት ደግሞ ምንጊዜም ከአካፋዩ በ1 የሚያንሰውን ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍላል።

ስለዚህ ከ65 ጀምራችሁ 64 እየጨመራችሁ ጻፉ፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። በ3 ወይም በ5 የሚካፈሉትን ሰርዙ። አምስት ብቻ ይቀራሉ።

አሁን ማካፈል ነው፤ ግን አሥሩን አሃዝ አትሸከሙ። በ65,536 ጀምሩ። ለ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው፤ ይህም ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፋል። 1 ጨምሩበት፤ 641 ሆነ። ያለ ቀሪ ተካፈለ ማለት ነው! በዚሁ መንገድ 193 ቀሪው 109፣ 257 ቀሪው 2፣ 449 ቀሪው 325፣ 577 ቀሪው 288 ስለሚሆን አራቱም ይወድቃሉ። ሥራችሁን በእነዚህ አመሳክሩ።

ውጤቱ 641 × 6,700,417 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ነው፤ አካፋይ ቢኖረውም ከዚያው ዝርዝር መምጣት አለበት። ስለዚህ 641ን እንደገና፣ ከዚያም 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113ን ሞክሩ። አንዳቸውም አያካፍሉትም፤ ብቸኛ ነው።

እጃችሁ ከሞቀ፣ ተከታዩ የፌርማ ቁጥር (4,294,967,296 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኘው) 18,446,744,073,709,551,617 ነው። እርምጃው 128 ይሆናል። ከ129 ስትነሡ ትንሹን አካፋይ 274,177ን የምታገኙት 2,142ኛው ላይ ነው፤ ለዚህኛው ሌላ ጀበና ጣዱ።